በሌለ መንጃ ፈቃድ ላይ የተጻፈ ነጥብ

ኖርማን ኤንትዊስል በላንካሸር አውራጃ፣ በቶርንሾ ከተማ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን ከአንዲት ዳክዬ በቀር የገጨው ነገር የለም። የዳክዬዋንም ነገር ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ለአለቆቹ ጽፎ አሳውቋል። ጡረታ ከወጣ በኋላም ቢሆን፣ ጭር ባለ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ይዞት ሲቆም ማርሹን አውጥቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ሚስቱ ዶሪን «ንግሥቲቱ እስክታልፍ ነው የምንጠብቀው?» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ዶሪን የተገጨችው በጥቅምት ወር፣ የገበያ ቀን ጠዋት ነው። አይብና ሽንኩርት ገዝታ መንገዱን ስታቋርጥ አንዲት ብርማ መኪና ከጥግ ተጠምዝዛ መጣችባት። ዳሌዋ ተሰበረ፤ ቅልጥሟም ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። መኪናውን ይነዳ የነበረው ኪረን ታተርሶል የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበር። መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ለፈተና ቀርቦም አያውቅም። ኢንሹራንስም የለውም። መኪናዋን የገዛት ከሳምንት በፊት፣ ከማያውቀው ሰው፣ በኢንተርኔት ነው። ዶሪን አስፋልቱ ላይ ተዘርግታ እያቃሰተች ከበላይዋ ቆሞ ያላት ቃል ከሕመሙ ይልቅ አልረሳ አላት፦ «አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?»

ሆስፒታል ተኝታ አምስት ሳምንት ቆየች። ኖርማን በየቀኑ ይሄድ ነበር። ወጪዋን የሚሸፍነው ኢንሹራንስ ኩባንያዎች በጋራ ያቋቋሙት ቋት መሆኑንና የቋቱም ገንዘብ የሚመጣው በወጉ ኢንሹራንስ ከሚከፍለው ሰው ኪስ መሆኑን የሰማ ቀን፣ የያዘውን ሳንድዊች መልሶ ጠቀለለው።

«ማለት» አላት ለዶሪን፣ «እግርሽን የሰበረበትን ሒሳብ የከፈልኩለት እኔው ነኝ።»

«ዝቅ ብለህ ተናገር፤ ሰው ተኝቷል» አለችው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት የቀረበው በየካቲት ነው። ዐቃቤ ሕጉ መኪናዋ በምን ፍጥነት ትሄድ እንደነበር ማረጋገጥ አልተቻለም፣ አንድ ምስክርም ሴትዮዋ ከዜብራው ወጣ ብለው ነው የተሻገሩት ብሏል፣ ስለዚህ የቀሩት ክሶች ሁለት ናቸው አለ፦ ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳትና ያለ ኢንሹራንስ መንዳት። ኪረን ከላይ የተዋሰው የሚመስል ሰፊ ኮት ለብሶ፣ ከታች ስኒከር ተጫምቶ፣ ማስቲካውን በጉንጩ ወትፎ ቆሟል። ከሦስቱ ዳኞች መካከል ላይ የተቀመጡት፣ ቀይ ክፈፍ ያለው መነጽር ያደረጉ ሴት፣ ወረቀታቸውን አንብበው አራት መቶ ሃያ ፓውንድ ቀጡት፤ እሱንም በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እንዲከፍል። ከመንዳት አላገዱትም።

«በተጨማሪም መንጃ ፈቃድህ ላይ ስምንት የጥፋት ነጥብ ይመዘገባል» አሉ።

ኖርማን ከሕዝቡ ወንበር ብድግ አለ። «መንጃ ፈቃድ የለውም እኮ!»

«ጌታዬ፣ ይቀመጡ።»

«እሺ እቀመጣለሁ። ግን የት ላይ ነው የምትጽፉለት? ግንባሩ ላይ?»

ከኋላ ሰው ሳቀ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ዞር ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ አድርጋ፣ ለሰውየው መዝገብ እንደሚከፈትለትና ወደፊት መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ነጥቡ እንደሚጠብቀው አስረዳችው። ኖርማን ተቀመጠ።

ኮሪደሩ ላይ ኪረን መጥቶ ፊቱ ቆመ። ከአፉ የእንጆሪ ሽታ ያለው የኤሌክትሪክ ሲጋራ ጭስ ይተናል። «አባባ፣ በሚስትህ ነገር ይቅርታ። ግን እሷም ማየት ነበረባት» አለው፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው። ኖርማን ቤቱ ገብቶ የለበሰውን ጃኬት አወለቀና በቀጥታ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከተተው። ያም አልበቃው ብሎ እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ።

በዚያው ሳምንት ለከተማዋ ጋዜጣ ተናገረ። «ያለ ፈቃድና ያለ ኢንሹራንስ መሪ የጨበጠ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን፣ ሦስት ወር ይታሰር። ማንም ይሁን ማን። ምክንያት አልሰማም» አለ። ከነፎቶው ወጣ። መጠጥ ቤት ሲገባ የማያውቁት ሰዎች ሳይቀሩ ቢራ ጋበዙት።

ሚያዝያ ላይ ዓይኑን ሊያስመረምር ሲሄድ ሐኪሟ መስኮቱ ጋ ጠርታ ከመኪና ማቆሚያው ማዶ ያለ ታርጋ ያንብቡ አለችው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደሎች አነበበ፤ የቀሩት ዋኙበት። ምርመራውን ሁለት ጊዜ ደገመችና «አቶ ኤንትዊስል፣ ከእንግዲህ መንዳት የለብዎትም። ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅም የራስዎ ግዴታ ነው» አለችው። ሌላ ሰው ቢሆን ያመነታ ነበር። ኖርማን ግን ከዚያው ወደ ፖስታ ቤት ሄዶ መንጃ ፈቃዱን አሽጎ ላከው። ኢንሹራንሱን ሰረዘ። ትንሿን ቀይ መኪናውን ጋራዥ ውስጥ ቆልፎ ለሽያጭ አወጣት። ዶሪን ያን ቀን ምሳ ስታቀርብለት ድንቹን አብዝታ ጨመረችለት።

የዶሪን ዳሌ ከየካቲት ጀምሮ እንደገና ያማት ነበር። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙን ለማየት አራት ወር ጠብቃ የተሰጣት ቀጠሮ በሰኔ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ሆስፒታሉ ስድስት ማይል ይርቃል። የተቀጠረው ታክሲ ሰዓቱ ሲደርስ አልመጣም። ኖርማን ደወለ። ሾፌሩ ታሟል፣ ሌላ ለመላክ አንድ ሰዓት ይፈጃል አሉት። አውቶቡሱ ደግሞ አምልጧል፤ ቢመጣም ዶሪን በክራንች ፌርማታ ድረስ መሄድ አትችልም።

«ደውለን ሌላ ቀን እንጠይቅ» አለች ዶሪን።

«ሌላ ቀን ማለት ለነሱ መስከረም ነው።»

ኖርማን ገና ያልተሸጠችው መኪና ቁልፍ ወደተሰቀለበት ሲያይ አየችው።

«ኖርማን፣ አይሆንም።»

«ስድስት ማይል እኮ ነው ዶሪን። ዓይኔን በጨርቅ ብታስሪኝ የማውቀው መንገድ ነው።»

«ዓይንህ ታስሮ እኮ ነው የምትሄደው!»

«ትሄጃለሽ ወይስ እስከ መስከረም እያቃሰትሽ ትቀመጫለሽ?»

እንዲህ አድርጎ ተናግሯት አያውቅም። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ክራንቿን አነሳችና ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ስታስር፣ ሌላ ሴት ያሰረችው ይመስል እጇን ትክ ብላ ታየው ነበር።

ኖርማን ቀስ ብሎ ነዳ። ማርሹ፣ ፍሪሲዮኑ፣ መሪው፣ ሁሉም በእጁ ነው። የወፍጮ መንገድን ሲያልፍ እንዲያውም ደስ አለው። ደስታው ራሱ ትንሽ አስፈራው። ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር ከፊቱ ያለው መንገድ ባዶ ነበር። ለእሱ ባዶ ነበር።

«ኖርማን!»

ዶሪን በሕይወቷ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። ፍሬኑን ረገጠው። መኪናዋ ተንሸራትታ ዜብራው ላይ ቆመች። ከኮፈኑ ፊት፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የሕፃን ጋሪ ነበር። ጋሪውን የያዘችው ወጣት ሴት መጀመሪያ ደርቃ ቀረች፤ ቀጥላ በመዳፏ ኮፈኑን መታችው፤ ደግማም መታችው።

«ዓይንህን የት ጥለህ ነው አንተ ሽማግሌ? ልጄን! ልጄን እኮ ነው!»

ኖርማን መስኮቱን አወረደ። ይቅርታ ሊል ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ከየት መጣሽ?» አላት።

ዶሪን ከጎኑ አፏን በእጇ ያዘች። ሴትዮዋ ጋሪዋን እየገፋች፣ እየተሳደበች አለፈች። ኖርማን መሪውን እንደያዘ፣ የተናገረው ቃል ጆሮው ውስጥ ቀረበት፤ የበሰበሰ ነገር ያኘከ መሰለው። በሩን ከፍቶ አስፋልቱ ላይ አስመለሰ።

ገና አፉን ሳይጠርግ የትራፊክ ፖሊስ መኪና መብራቱን እያበራ ከኋላቸው ቆመ። ታርጋ የሚያነብ ካሜራቸው መኪናዋ ኢንሹራንስ እንደሌላት ነግሯቸዋል። የመጣችው ፖሊስ ወጣት ናት፤ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች።

«ደህና ነዎት ጌታዬ? አመመዎት?»

ኖርማን ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት። መንጃ ፈቃዱን መመለሱን፣ ዓይኑን፣ ጋሪውን። ፖሊሷ ወደ ዶሪን ክራንች ተመለከተች፤ ፊቷ ራራ።

«ጋሪውን እኔ አላየሁም። ሰውም አልተጎዳም» አለች። «መኪናዋ ትነሳለች፤ እሱ ግዴታ ነው። የቅጣት ወረቀት እሰጥዎታለሁ፤ ሦስት መቶ ፓውንድና ስድስት ነጥብ። እመቤቲቱን ሆስፒታል እኔ አደርሳቸዋለሁ።»

«በቃ?»

«በቃ፣ የኔ አባት። አይጨነቁ። ሚስትዎን ለማሳከም ነው የወጡት፤ ሰው ይረዳል።»

«ማንም አይረዳኝ» አለ ኖርማን። «ፍርድ ቤት አቁሚኝ።»

ፖሊሷ የደነገጠ ሽማግሌ የሚያወራው ነገር መስሏት ክንዱን ደገፍ አደረገችው። እሱ ግን ወረቀቱን አልቀበልም ብሎ ጸና። ዶሪን ሐኪሟን ያን ቀን አየች፤ ዳሌዋ እንደገና እንዲከፈት ተወሰነ። ማታ እራት ላይ ኖርማን ለምን ዝም እንዳለች ጠየቃት።

«አንተን አይደለም የምጸየፈው» አለችው። «ራሴን ነው። እኔ፣ ያን ሁሉ ያየሁት ሴትዮ፣ ገብቼ ቀበቶዬን አሰርኩ።»

ነሐሴ ላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛው በእሱ ዕድሜ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያለ አንድ ጥፋት መንዳቱን፣ ፈቃዱን በራሱ ፍላጎት መመለሱን፣ የሚስቱን ሁኔታ ቆጠሩለት። ከዚያ መቶ ሃያ ፓውንድና ስድስት ነጥብ አሉ።

«ክቡር ዳኛ፣ ከቅጣት ወረቀቱ እንኳ አነሰ» አለ ኖርማን። «ሕፃን ልገድል ነበር።»

«አልገደሉም እኮ አቶ ኤንትዊስል።»

«ያልገደልኩት ሚስቴ ስለጮኸች ነው። በጋዜጣ ላይ ሦስት ወር ይታሰር ያልኩት ሰው እኔ ነኝ።»

ዳኛው ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ጋዜጣው ወንበሬ ላይ ባለመቀመጡ ደስ ይበልዎ።» አዳራሹ ሳቀ። የሚወደድ ሽማግሌ ላይ የሚሳቅ፣ ለስላሳ ሳቅ ነበር። ኖርማን ያ ሳቅ እንደ ቅባት ቆዳው ላይ ተለጠፈበት። ሲወጣ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሳይቀር በዓይኑ ጠቀሰው።

የራሱን ጥፋት እንዲያወጡለት ጋዜጣው ጋም ደወለ። ያኔ ያናገረው ጋዜጠኛ «የተጎዳ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። የለም አለ ኖርማን። «እንግዲያው ዜና አይሆንም፤ ቢሆንም ለእርስዎ ጥሩ አይደለም፣ ይተዉት» አለው።

ዶሪን በዚያ ሳምንት አትክልት እየላጠች ጠየቀችው። «ሦስት ወር እስር ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ቁልፉን ትተወው ነበር?»

«እተወው ነበር መሰለኝ» አለ። «ሦስት መቶ ፓውንዱን አውቀው ነበር። ቁልፉ ፊት ቆሜ ሳስበው፣ ቢይዙኝም ይሄው ነው አልኩ። በልቤ ብያለሁ፣ አልዋሽሽም።»

«እኔም ብያለሁ» አለች ዶሪን።

ከዚያ ወዲህ ኖርማን ጠዋት ጠዋት እየወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለው ዜብራ አጠገብ መቆም ጀመረ። በአራተኛው ቀን ሴትዮዋ ጋሪዋን እየገፋች መጣች። መጀመሪያ አላወቀችውም። ኮፍያውን አውልቆ እኔ ነኝ አላት፤ ዓይኑ እንደማያይ፣ ፈቃድም ኢንሹራንስም እንዳልነበረው፣ ያላትንም ቃል ማለት እንዳልነበረበት ነገራት። ጋሪው ውስጥ አንዲት ሕፃን የተነከሰ ብስኩት ይዛ ታየዋለች።

«ፈቃድ ሳይኖርህ?» አለች ሴትዮዋ።

«አዎ።»

«እና ምን አደረጉህ?»

«መቶ ሃያ ፓውንድ ቀጡኝ።»

ሴትዮዋ ከት ብላ ትስቃለች ብሎ ፈርቶ ነበር፤ እንደ ሌሎቹ። አልሳቀችም። ከኮፍያው እስከ ጫማው አየችው፤ አፍንጫዋ ተሸበሸበ። የጋሪዋን መሸፈኛ ልጅቷ ላይ ሳበች፤ እሱ እንዳያያት።

«የልጄ ዋጋ ነዋ» አለች። «ታስጠላለህ።»

መንገዱን ግራና ቀኝ አይታ ተሻገረች። ኖርማን ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚገባውን የሰጠችው እሷ ብቻ ናት ብሎ አሰበ። ቤቱ ሲደርስ ያለችውን አንድም ሳያስቀር ለዶሪን ነገራት። ዶሪን አላጽናናችውም። ክራንቿን እንዲያቀብላት ጠየቀችው፤ ተያይዘውም ያን ማክሰኞ በእግር አይደረስም ወዳሉት የአውቶቡስ ፌርማታ፣ በየመንገዱ እያረፉ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ተጓዙ።