ማሳው የታየ ለት

«ብቻ አንቺ ዝም በይ» አላት ራህመትን የባሏ ወንድም ከማሉዲን፣ ለቀስተኞቹ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ። «ገዢው ሲጠይቅ እኔ እመልሳለሁ።»

ለቀስተኛ መባሉም ለወጉ ነው። ከግራሩ ስር የተቀመጡት ጥቂት ሽማግሌዎችና ጎረቤቷ ራቢዓ ብቻ ነበሩ። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ካሉ ወዲህ ያለቀሰ የለም። በ1966 ዓ.ም. በቆቦ ቆላ ማልቀስም ጉልበት ይፈልግ ነበር፤ ጉልበቱ ደግሞ ከእህሉ ጋር አብሮ አልቋል። ራህመት ለባሏ ለአሊ እንደ ወጉ አለማልቀሷ ያሳፍራታል። እንባው እንቢ አላት። የሚታያት ራቢዓ ጭን ላይ የተኛችው፣ ከንፈሯ የተሰነጣጠቀው የራሷ ልጅ ዚነት ብቻ ናት።

የቆቦው እህል ነጋዴ ታረቀኝ ማሽላ የጫነች አህያ እየነዳ መጣ። «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትንሽ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ግን ያዩት አህያዋን ነው። የአሊን ማሳ ከወደደው ማሽላው በዋጋው እዚሁ ይራገፋል። ካልወደደው ወደ ሮቢት ይቀጥላል፤ እዚያም መሬቱን የሚሸጥ ሞልቷል።

ድሮ ቢሆን መሬት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠራው አሊን ነበር። አሊ ማሳውን ቀስ ብሎ ይዞርና ሻጩን ይጠይቃል። ጎርፉ ከጋራው ሲወርድ በየት ይገባል? የውሃው ተራ የማን ነው? ወንድም እህት ሁሉ ተስማምቷል? በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ ያደርግና፣ «እዚህ የተኛ ሰው አለ?» ይላል። ካለ ግዢው ቀረ። በዚያ ቀዬ መቃብር ያለበትን ማሳ የሚገዛ አልነበረም። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድሙ ከማሉዲን መሬት ሊሸጥ ሲል፣ «የአክስታችን ልጅ ከሾላው ስር አለ» ብሎ ገበያውን አፈረሰበት። ከማሉዲን ዓመት ሙሉ አኮረፈው።

ራህመትም ያን ቀን ተቆጥታው ነበር። «ምናለ ዝም ብትል?»

«እኔ ዝም ብል በሬ ይነዳበታል እኮ» አላት አሊ።

እሱ የሞተ ለት ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች ኮረብታው ላይ ካለው መቃብር መድረስ አቃታቸው። ማሳው ዳር ሲደርሱ አንዱ ተንበረከከ፤ ተነሣ ቢሉት አልተነሣም። «እዚሁ ይሁን» አለ ከማሉዲን። «አላህ ድካማችንን ያያል።» ድንጋይ እንኳ አላቆሙበትም።

አሁን ከማሉዲን ገዢውን እያስከተለ ማሳውን ዞረ። ራህመት ከኋላቸው ናት።

«ጎርፉስ?» አለ ታረቀኝ።

«በዚህ ነው የሚገባ። ከላይኛው ማሳ ቀጥሎ ተራው የኛ ነው።»

«ዘመድ ኋላ እንዳይነሣብኝ።»

«ወንድሙ እኔው ነኝ። ሌላ የለውም።»

የታረቀኝ ዱላ ዳር ላይ ካለው አፈር ውስጥ ጠለቀ። «ይኼስ? ምንድነው የተቆፈረው?»



«የእህል ጉድጓድ ነበር፣ አያ ታረቀኝ» አለ ከማሉዲን። «የቀረችውን አውጥተን በላናትና ደፈንነው።»

ሰው ሁሉ ጉድጓዱን ቆፍሮ የመጨረሻዋን ማሽላ ባወጣበት ዓመት ይህን የማያምን አልነበረም። ታረቀኝም አመነ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥንቁቅ ነው። «በሬዬ ይሰምጥበታል» አለ። «ሳይጠቀጠቅ አልረከብም።»

ከማሉዲን እግሩን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። የወንድሙን መቃብር ሊረግጥ አልቻለም። ወደ ግራሩ ቢያይ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል።

ራህመት እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። ያኔ ከግራሩ ስር ዚነት አቃሰተች። አህያዋ ከነጭነቷ እንደቆመች ናት።

«እኔ እረግጠዋለሁ» አለች።

ከግርጌው ጀመረች። በባዶ እግሯ፣ አንድ ቦታ ደጋግማ እየረገጠች፣ ወደ ላይ ሄደች። አፈሩ ከስሯ ዝቅ ይላል። እንቢ ያላት እንባ አሁን መጣ፤ ይቅር በለኝ አሊ፣ ይቅር በለኝ እያለች በልቧ፣ አልጠረገችውም።

«በደንብ» አላት ታረቀኝ። «እስከ ጫፉ ድረስ።»

ራስጌው ጋ ስትደርስ እግሯ አልነሣ አላት። ተንበረከከችና የቀረውን አፈር በመዳፏ ቸብ ቸብ አደረገችው።