አሥራ አንድ ባርኔጣ

“አይ ልጄን! እናትሽንም አባትሽንም አጣሻቸው!”

እንግዳዋ አሮጊት የሟቹን ልጅ አንገት አንቃ ታለቅሳለች። እናትየዋ ግን የሻይ ትሪ እንደያዘች ከሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆማለች፣ ከነሕይወቷ።

ከቀብሩ አራተኛ ቀን ነበር። ልጅቱ አፏን ልትከፍት ስትል እናትየዋ በዓይኗ ገሠጸቻት። አሮጊቷ ቤት ተሳስታም አልመጣችም፤ ገና ስትገባ የሟቹን ፎቶግራፍ አይታ “እሱ ነው፣ ቆጣሪ አንባቢው” ብላለች። ተሳላሚዎች በእግር አሥራ ሁለት ቀን በሚጓዙበት መንገድ አጋማሽ ላይ ያለችው ማረፊያ ቤት ጠባቂ ናት። መርዶውን ከዚህ ከተማ የሄደ መንገደኛ ነግሯት በአውቶቡስ ገሠገሠች።

“አንቺስ የኔ እመቤት፣ ምኑ ነሽ?” አለች ሻዩን ስትቀበል።

“ልብስ ሰፊ ነኝ። እዚሁ ነው የምሠራው።” ውሸት አልነበረም። የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ተከድኖ ቆሟል።

“እሰይ! ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው ብዬ ስሳቀቅ ነበር።”

ስለቱ የሁለቱም ነበር። ልጅቱ በሰባት ዓመቷ በትኩሳት ስትቃጠል፣ ከዳነች በየበጋው በእግራችን ሄደን እንሳለማለን ብለው አልጋው አጠገብ ተሳሉ። ልጅቱ ዳነች፤ የሄደው ግን እሱ ብቻ ነው። በጋ በመጣ ቁጥር “ዘንድሮስ ይዘኸኝ ሂድ” ትለዋለች። “ያ ፀሐይ ይገድልሻል፣ ያንቺንም እኔ እሄድልሻለሁ” ይላታል። እሷም ቃሉን አምና ባርኔጣ ትሰፋለታለች።

ባርኔጣው ግን ተመልሶ አያውቅም። አፍንጫው ተልጦ፣ ራሱን ሳይሸፍን ከች ይልና “ነፋስ ወሰደብኝ” ይላል። “ይሄ ነፋስ ያንተን ብቻ ነው የሚያውቀው?” ብላ ትቆጣና ለከርሞው ሌላ ትሰፋለች። በዘጠነኛው ዓመት የአገጭ ማሰሪያ ጨመረችበት። “ተበጠሰ” አላት። አፈረች። የሰፋችው ነገር ተበጥሶ አያውቅም ነበርና ክሩን ለወጠች፣ ጨርቁን ደረበች፣ በአሥራ አንደኛው የማሰሪያውን ስፌት አራት ጊዜ ደጋግማ መታችው። እሱም ተበጠሰ ተባለች።

“መንገዱ ጥላ የሚባል የለው” አለች አሮጊቷ። “ቤታችን አልጋ ያላት ቀዝቃዛ ክፍል አንዲት ናት፣ እሷም ሰው ለሞተበት ብቻ ናት። ሌላው ግቢ፣ ቆርቆሮ ሥር ያድራል። መጀመሪያ ሲመጣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ለማን ነው የምትሄደው ስለው፣ ክፍሏን አየት አደረገና ‘ለሚስቴ ነው፣ ሞታብኝ’ አለኝ።”

ያቺን አስተያየት ልብስ ሰፊዋ ታውቃታለች። ከሳህን ላይ ትልቁን ቁራሽ ከማንሳቱ በፊት የሚያይባት ናት።

“ክፍሏን ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ በየበጋው አብረን እናለቅስላታለን። ስትሰፋ ታንጎራጉር ነበር፣ እሷ ዝም ስትል ቤቱ ይጨልም ነበር ይላል። እንደሱ ሚስቱን የሚወድ አላየሁም።”

በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ስለ ማንጎራጎሯ የነገራት “ቀንሺው፣ ዜና ልስማ” የሚለውን ብቻ ነው። ትሪዋን አንስታ ወደ ማድ ቤት ገባች። የሟቹ ታናሽ እህት ተከተለቻት።

“እታለም፣ ወንድሜ ምቾት ይወዳል እንጂ ክፉ አልነበረም” አለች በሹክሹክታ።

“አውቃለሁ። ክፉ ቢሆንማ በቂም ይገድለኝ ነበር። ለአልጋ ገደለኝ!”

“ኧረ ቀስ በይ፣ ይሰማሉ።”

“አሥራ አንድ ዓመት ከበር የመለሰኝ ለኔ አዝኖ መስሎኝ! እዚያ ብቅ ብል ሬሳ ተነሣ ሊባል ነዋ። ስለቴንስ? የሞተች ሴት ስለት እንዴት አድርጎ አደረሰልኝ?” እንዲህ ተከድታ አታውቅም፤ የከዳት ደግሞ የማይጠየቅበት ቦታ ገብቷል።

ስትመለስ አሮጊቷ ጥቅሏን ፈትታ ባርኔጣ አውጥታለች። “አሥሩ ግድግዳችን ላይ ናቸው፣ ይቺን የመጨረሻዋን ለልጁ ብዬ ነው። ‘ሚስቴ ከመሞቷ በፊት የሰፋችልኝ የመጨረሻዋ ናት’ እያለ በየዓመቱ አንዳንድ ይሰቅላል። የመጨረሻ እንዴት አሥራ አንድ ይሆናል ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሐዘንተኛ አይመረመርም።”

ልብስ ሰፊዋ ባርኔጣውን ከልጅቱ እጅ ወሰደች። አውራ ጣቷን በስፌቱ ላይ አስኬደች፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አንዱም አልተነካም።

“እማማ፣ ባል ለሞተባት ሴትስ ያቺ ክፍል ትሰጣለች?”

“እንዴታ የኔ ልጅ! የሞተ የሞተ ነው፣ ባልም ሆነ…” አሮጊቷ የሚሄደውን አውራ ጣት አየች። ከዚያ ልጅቱን፣ ከዚያ እናትየዋን። ብርጭቆው ከአፏ ሳይደርስ ቆመ። “አንቺ… አንቺ ነሽ እንዴ?”

“በበጋ እመጣለሁ። ለሱ አይደለም፣ ለስለቴ ነው። ግቢ፣ ቆርቆሮው ሥር ያንጥፉልኝ።”

ልብስ ሰፊዋ ከፎቶግራፉ ፊት ቆማ ባርኔጣውን በጥቁሩ ሻሽ ላይ ደፋችው፣ ማሰሪያውን ከአገጯ ሥር አሰረች፣ በሁለት እጇም በኃይሏ ጎተተችው። አልተበጠሰም። እንባዋ እየወረደ ደግማ ጎተተችው።