የማን ጉልበት

ሯጩ ንጉሡ የመጨረሻዋን ዳገት ሲወጣ እግሮቹ የራሱ አልመስል አሉት። አፉ ደርቋል፤ ልቡ ጆሮው ውስጥ ይመታል፤ ድካም የሚባለው ነገር ግን የት እንደገባ አያውቅም። ከኋላው የሱሌማን ኮቴ ጭቃውን ሲረግጥ ይሰማዋል። ሌላ ጊዜ እዚህች ዳገት ላይ ሲደርሱ የሚቀድመው ሱሌማን ነበር። ዛሬ ኮቴው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደና ጠፋ። ንጉሡ መካነ ሰላም ገበያ መሃል የተዘረጋውን ገመድ በደረቱ በጥሶ ሲያልፍ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው።

መቆም ግን አልቻለም። ገመዱን አልፎ፣ ሰልፈኛውን አልፎ፣ ወደ ከብት ተራው ሮጠ።

"በቃ! አንተ ልጅ በቃ፣ አሸንፈሃል እኮ!" አሥር አለቃ ቸኮል ተከትሎ ደረሰና ክንዱን ጨምድዶ ያዘው።

ቸኮል በአውራጃው ፖሊስ የስፖርት ኃላፊ ነው። በወጣትነቱ እሱም ሯጭ ነበር። መስከረም ሁለት ቀን የአብዮቱ አንደኛ ዓመት ሲከበር ሩጫ ይኑር ያለውም፣ ከአውራጃው አንድ ሰው ለደሴው ውድድር እንዲመረጥ ያስፈቀደውም እሱ ነው።

"ነገ ጠዋት የእህል መኪናው ወደ ደሴ ይመለሳል፤ አብረኸው ትሄዳለህ" አለው ፊቱ በደስታ ፈክቶ። "እስከ ጥቅምቱ ውድድር ካምፕ ትቀመጣለህ። ቀለብ አለ፣ ጫማ አለ። እዚያ ከቀናህ ፖሊስ ቤት ትቀጠራለህ። እናትህ ከእንግዲህ የእርዳታ ስንዴ ለመቀበል አትሰለፍም።"

ንጉሡ ራሱን ነቀነቀ። መንጋጋው አልላቀቅ ብሎት መናገር አቃተው።

በዚያ በድርቁ ክፉ ዘመን በመጀመሪያ በሬዎቹ፣ ቀጥሎ አባቱ ነበሩ የሞቱት። ባለፈው የካቲት መሬት ለአራሹ ተብሎ ሲታወጅ አገሩ ሁሉ ጨፈረ። እናቱ ወርቂቱም ከሰው ጋር ጨፍራ ቤቷ ስትገባ፣ "መሬቱስ መጣልን፤ በሬውን ማን ያውጅልን?" ብላ ነበር። መስከረም ጠብቷል፣ ማሳው በልመና በተገኘ የሰው በሬ ከፊሉ ብቻ ተዘርቷል፣ ጎተራው ባዶ ነው።

ጠዋት ከሩጫው በፊት ቸኮል ከጣቢያው ጀርባ ጠርቶት ነጭ ኪኒን መዳፉ ላይ አኖረለት።

"ምንድን ነው?" ንጉሡ ጠየቀ።

"ዘብ የሚቆም ወታደር የሚውጠው ነው። ድካም ያባርራል። ዋጠው።"

ዋጠው። ሌላ ምንም አልጠየቀም። ቢጠይቅ ኖሮስ ይተወው ነበር? አሁን ከብት ተራው ውስጥ እየተንጎራደደ ይህን ያስባል፤ መልሱ ግን አይመጣለትም።

ከቀትር በኋላም ልቡ አልሰክን ሲለው ወደ ክሊኒኩ ሄደ። የጤና ረዳቷ ድሬሰር አሰጋሽ የእጁን የደም ሥር ይዛ ብዙ ቆየች። ፊቷ ተለወጠ።

"ምን በላህ?"

"ትናንት ማታ የሽምብራ ቆሎ።"

"ዛሬስ?"

ንጉሡ ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ።

"ዛሬስ አልኩህ እኮ!"

"ኪኒን፣ እትዬ አሰጋሽ። አሥር አለቃ ሰጥቶኝ።"

ወዲያው ቸኮል ራሱ በሩ ላይ ብቅ አለ። ለደሴው ጉዞ ያዘጋጀውን ቀይ ከነቴራ በእጁ ይዟል። "ይኸውና! ስፈልግህ ነው የዋልኩት" ብሎ ሊስቅ ሲል የአሰጋሽን ዓይን አየና ሳቁን ዋጠው።

"ምንድን ነው የሰጡት?" አለችው። "ባዶ ሆዱን የሚሮጥ ልጅ ነው። ልቡ ቀጥ ቢልስ?"

"አላለም። አሸነፈ።"

"እሱ ነው ያሸነፈው? እርግጠኛ ነዎት?"

ቸኮል ከነቴራውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠና ተቀመጠ። ድምፁ ዝቅ አለ። "ስሚኝ አሰጋሽ። እኔ በጉብዝናዬ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ሮጫለሁ። ጉልበቴን አምኜ ሮጥኩ፣ ወደ ኋላ ቀረሁ። ከፊቴ የነበሩት ምን እየዋጡ እንደሮጡ የሰማሁት አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ታዲያ የኔ ልጅ እንደኔ ተታሎ ይመለስ?"

"ውጭ አገር የሯጭ ሽንት ይመረምራሉ አሉ። የዋጠ ከተገኘ ያባርሩታል።"

"እዚህ ማን ይመረምራል? ለበሽተኛ ምርመራ ያጣን ሰዎች ለሯጭ ልናገኝ ነው?"

"ቢሆንም መድኃኒት እህል አይሆንም፣ አሥር አለቃ።"

"እህሉን ስጭዋ እንግዲህ! ቁርስ ስጭውና ያለ ኪኒን ይሩጥ። እኔ መች ጠላሁ?"

አሰጋሽ የመድኃኒት መደርደሪያዋን አየች፤ ግማሹ ባዶ ነው። ቆይታ፣ "ለአውራጃው እናገራለሁ" አለች፤ ቃሏ ግን እንደ ቅድሙ አልጠነከረም።

"ተናገሪ። ከዚያ ማን ሊሄድ ነው? ሁለተኛ የወጣው ሱሌማን? ለእሱም ሰጥቼዋለሁ።"

ንጉሡ ቀና አለ። "ለሱሌማንም?"

"ለሁለታችሁም። አንዳችሁን ለይቼ አልጠቀምኩም።" ቸኮል ይህን ያለው ፍርድ የሰጠ ዳኛ መስሎ ነው። ከነቴራውን ንጉሡ ጭን ላይ ጣለለትና ወጣ። "ዛሬ ጣቢያ ትተኛለህ፤ መኪናው በጠዋት ነው" አለ ከውጭ።

ንጉሡ ዕረፍት የተሰማው መሰለው። ሁለቱም ከዋጡ እኩል ናቸው፤ እኩል ከሆኑ ያሸነፈው እሱ ነው። ደግሞ ወዲያው ጥርጣሬ ገባው። ኪኒኑ ለአንዱ ሰውነት ሠርቶ ለሌላው ባይሠራስ?

"እስከ ነገ ይለቅሃል" አለችው አሰጋሽ። "ውሃ ጠጣ። ሌላ ኪኒን ግን እንዳትነካ።"

"ደሴ ላይ ሁሉም ቢውጡስ?"

"እኔ ምን ልበልህ ወንድሜ" አለች።

የሱሌማን ቤት ከከተማው ግርጌ ነው። ንጉሡ ሲደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ተቃርባለች። ሱሌማን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እናቱ ነሲባ ከውስጥ እሳት ታራግባለች።

"እንኳን ደስ ያለህ" አለ ሱሌማን ሳይነሳ።

ንጉሡ አጠገቡ ተቀመጠ። "አሥር አለቃ ላንተም ሰጥቶሃል አሉ።"

"ሰጥቶኛል።"

"ዋጥከው?"

"በረመዳን? ጾሜን በኪኒን ልፍታው?" ሱሌማን የጋቢውን ጫፍ ቋጠሮ ፈታ። ነጯ ኪኒን እንዳለች ናት።

ንጉሡ ትክ ብሎ አያት። ከክሊኒኩ እስከዚህ ድረስ፣ "ውጦት በሆነ" እያለ ሲመኝ እንደመጣ አሁን ገባው። ይህ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ነው እስከ ዳገቱ የተከተለው።

"እንዲያ አትየኝ" አለ ሱሌማን። "ደግ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ጾም ባይሆን ወላሂ ሁለት ቢሰጠኝ ሁለቱንም እውጥ ነበር። እህቴ ሺፋ በዚያ ክፉ ጊዜ እንጀራ ፍለጋ ደሴ ገብታ ይኸው ወሬዋ ጠፋ። ደሴ ብገባ ፈልጌ አገኛት ነበር።"

"ታዲያ ኪኒኑን ለምን አስቀመጥከው?"

"ሌላ ሩጫ አይጠፋም ብዬ።"

አዛን ተሰማ። ነሲባ ውሃና የገብስ ቂጣ ይዛ ወጣች። ቂጣው ትንሽ ነበር፤ ሦስት ቦታ ቆረሰችውና አንዱን ለንጉሡ ዘረጋችለት። "እንኳን በደህና መጣህ ልጄ። በል ብላ፣ ያለው ይኸው ነው።"

ሱሌማን ቢስሚላህ ብሎ ውሃውን ተጎነጨ። ንጉሡም ቁራሹን አፉ ውስጥ አደረገ። ቀኑን ሙሉ ምንም አልቀመሰም፤ ሆዱ ባዶ መሆኑን ያውቃል። ግን አልራበውም። ቂጣው አፉ ውስጥ እንደ አፈር ተንከባለለ፤ ጉሮሮው አልቀበል አለ።

"ምነው፣ የኛን ቤት እህል ናቅኸው?" አለች ነሲባ።

"ኧረ በፍጹም፣ እማማ ነሲባ! እንጃ... አልወርድ አለኝ።" እንባው መጣ። እህል አጥቶ ያደረባቸውን ሌሊቶች ያስታውሳል፤ እህል አፉ ውስጥ እያለ መብላት ያቃተው ግን ዛሬ ገና ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ ደሴ የሚሄደው? ሊበላ? ወይስ እናቱ እንድትበላ? ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀበት።

ቁራሹን አውጥቶ በመዳፉ ያዘ። "ሱሌማን፣ ነገ ጠዋት ያንኑ መንገድ እንድገመው። መኪናው ሳይነሳ።"

"አብደሃል? ስምህ ተጽፏል እኮ።"

"ማን እንዳሸነፈ አላውቅም።"

"ብቀድምህስ?"

"አንተ ትወጣለህ መኪናው ላይ።"

"እናትህስ?"

ንጉሡ የእናቱን ፊት አሰበ። ወደ ጣቢያው አቅጣጫ ዞሮ አየ፤ ሊነሳም ቃጣው። "እኔ እንጃ" አለ።

"አሥር አለቃውስ እሺ ይላል?"

"እሱንም እንጃ።"

ሱሌማን ኪኒኗን መልሶ በጋቢው ጫፍ ቋጠራት። ንጉሡ ሲቋጥር አየው፤ ግን ጣላት ብሎ አልለመነውም። እሱ ማን ሆኖ?

ከነቴራውን አጣጥፎ ትራስ ሊያደርገው የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠና ወደ ነሲባ ዞረ።

"እማማ ነሲባ፣ ዛሬ እዚህ ልደር። ለሱሁር፣ ከንጋት በፊት ልትበሉ ስትነሱ እኔንም ቀስቅሱኝ።"

"አንተ ክርስቲያኑ? ሱሁር ምን ሊያደርግልህ?"

"ከሱሌማን እኩል በልቼ ልሩጥ" አላት።