ሽቅብ የወጣው መጋዘን

ሠርካለም ወደቡ ላይ በደረሰች ዕለት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የግንበኛ ቱንቢዋን አውጥታ በመጋዘኑ ማዕዘን ላይ አንጠለጠለች። ገመዱ ቀጥ ብሎ ወረደ። ግድግዳው ግን ወደ ሐይቁ ዘንበል ብሏል፤ ወገቡ ላይ ተነፍቷል፤ ከመሠረቱ ተነስቶ እስከ ጣሪያው የሚወጣው ስንጥቅ ደግሞ እጅ ያስገባል።

"ይሰግዳል" አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላዋ። "ውሃውን እያየ መስገድ ከጀመረ ሰነበተ።"

"ሰግዶ መነሳት ቢያቅተውስ አባ?"

"እስከ ዛሬ መች ወደቀ!"

ሽማግሌው አባ ደጅይጥኑ ይባላሉ፤ የመጋዘኑ ጠባቂ ናቸው። ተከዜ ተገድቦ ሐይቅ ከሆነ ወዲህ ከአበርገሌ ወደ ሰሃላ የሚሻገር ሰው የሚሳፈረው ከዚህ ነው። ፍየል፣ ማር፣ እህልና መድኃኒት በዚሁ ያልፋል። አሳ አስጋሪዎቹም ጀልባቸውን የሚያስሩት እዚሁ ነው። ይህ ሁሉ የሚስተናገደው ግን በሁለት ያረጁ ቤቶች ነበር። አንዱ መጋዘኑ ነው። ሌላው ምሰሶውን ምስጥ የበላው፣ ጦርነቱ በሩን የነቀለው የመንገደኞች ማረፊያ።

ሠርካለም የጋዝጊብላ ልጅ ናት። ጅዳ በሰው ቤት ስትሠራ ከርማ ተመለሰችና ሰቆጣ ላይ ግንበኝነት ተማረች። ደሃና ውስጥ ትምህርት ቤቶች ገነባች። ሥራዋ ታይቶ የወደቡን ቤቶች እንድታድስ፣ የማይታደሰውንም አፍርሳ እንድትተካ ኃላፊነቱ ለእሷ ተሰጠ። ሐይቅ ዳር ሠርታ አታውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ንፋስና ከፍ ዝቅ የሚለው ውሃ ያሳስባት ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

ማረፊያው ብዙ አላስቸገረም። የተበሉትን ምሰሶዎች ነቅላ እግራቸው በሲሚንቶ የቆመ አዲስ አስተከለች፤ ቆርቆሮውን አስመታች፤ በር አስገጠመች። የመጋዘኑን ነገር ስታነሳ ግን አባ ደጅይጥኑ ፊታቸው ተለወጠ።

"ጠግኝው እንጂ አታፍርሽው። በየዓመቱ ጭቃ እየመረግን አኑረነዋል።"

"መሠረቱ ነው የከዳው አባ። ውሃው ከሥር አፈሩን እየላሰ ነው። ከላይ ብመርገው ምን ይሆናል?"

ሽማግሌው ክንዷን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧት። ከበሩ አጠገብ ጥቀርሻ የጠጣ ድንጋይ አሳዩዋት።

"ይኼ የምድጃዬ ድንጋይ ነው" አሉ። "ያ ደግሞ የደጃፌ። ውሃው ሊመጣ ነው ሲባል ቤቴን በገዛ እጄ አፍርሼ ድንጋዩን በአህያ ሽቅብ አጋዝኩት። ጎረቤቶቼም እንደዚያው። እርሻችን፣ አጥራችን፣ የወይራው ጥላ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው" ብለው ወደ ሐይቁ በአገጫቸው ጠቆሙ። "ከዚያ አገር የቀረን ይህ ግድግዳ ብቻ ነው። አንዴ አፍርሻለሁ ልጄ። ሁለተኛ አላፈርስም።"

ሠርካለም ያን ቀን ሥራ አቁማ ውሃው ዳር ተቀምጣ ዋለች። በማግስቱ ግድግዳውን በወፋፍራም ባሕር ዛፍ አስደገፈችው፤ ጎርፉ እንዳይደርስበትም ከበላዩ ቦይ አስቆፈረች። አባ ደጅይጥኑ ደስ አላቸው። እሷ ግን በየማለዳው ከሁሉ ቀድማ እየሄደች ስንጥቁን ታየው ነበር።

ክረምቱ ከረር ብሎ ገባ። ከላስታ ተራሮች የወረደው ጎርፍ ሐይቁን ሞላው። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል መጋዘኑ ለሰሃላ ገበሬዎች በሚሻገር የጤፍ ዘርና እህል እስከ ጣሪያው ተጨናንቆ ነበር። ማዕበል ስለነበረ ጀልባዎቹ መጫን አልቻሉም።

አንድ ማለዳ ሠርካለም እንደ ልማዷ ስትመጣ ከድጋፎቹ አንዱ ተሰንጥቆ አገኘችው። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ከውስጥ ጠጠር የሚንኮታኮት ድምፅ ይሰማል። ወደ ማረፊያው ሮጠች።

"ተነሱ! ዘሩን እናውጣ! ግድግዳው ሊሄድ ነው!"

ማረፊያው ውስጥ ማዕበሉ እስኪበርድ የሚጠብቁ መንገደኞች ነበሩ። ጀልባ ነጂው ጌታሰው ሻዩን አስቀምጦ ከሁሉ ፊት ተነሳ። ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና ሰው ነው፤ ሲጣራ ከማዶ ይሰማል ይሉታል።

"ሰው ሁሉ ይሰለፍ!" አለ። "ማንም ጆንያ ይዞ አይሩጥ፤ እጅ ለእጅ አቀብሉ!"

ሠርካለም ሰዎቹን በወዲያኛው፣ ግድግዳው ባልከዳበት ጎን አሰለፈቻቸው። ከበሩ እስከ ማረፊያው ሰልፍ ሆኑ፤ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሕፃኗን ለጎረቤቷ ያሳዘለችው እናት ሳትቀር። ዝናቡ ይወርዳል። ጆንያው ከደረት ወደ ደረት ያልፋል። አንዱ በኽምጣኛ የሥራ ዜማ ጀመረ፤ ሌላው ተቀበለ፤ እጆቹ ከዜማው ጋር ፈጠኑ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የዘሩ ባለቤት አልነበሩም። ቢሆንም ማንም ከሰልፉ አልወጣም።

የመጨረሻው ጆንያ ከወጣ በኋላ ሠርካለም ዞር ብላ ስታይ አባ ደጅይጥኑ የሉም። ወደ ውስጥ ስትዘልቅ መዳፋቸውን ጥቀርሻው ድንጋይ ላይ አድርገው ቆመዋል።

"አባ፣ ይውጡ እባክዎ!"

"ልሰናበተው።"

ከጣሪያው አፈር ረገፈ። ሠርካለም ጎትታ ልታወጣቸው ትችል ነበር። ግን እጃቸውን ያዘችና በዝግታ ተናገረች።

"አይሰናበቱት። ድንጋዩ የትም አይሄድም። አንድ በአንድ ለቅሜ፣ ከላይ ዐለቱ ላይ፣ ውሃ የማይደርስበት ቦታ መልሼ እሠራዋለሁ። ካሁን ቀደም ሽቅብ አውጥተውት የለ? አሁን ደግሞ አብረን እናወጣዋለን።"

ሽማግሌው ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

"ትምያለሽ?"

"በእናቴ!"

ተያይዘው ወጡ። ማረፊያው ደጃፍ ሲደርሱ የሐይቁ ወገን ግድግዳ ወገቡ ላይ እጥፍ አለና ተናደ። ጣሪያው ተከትሎት ወረደ። አቧራው በዝናቡ ወዲያው ጠፋ። ከዚያ ጌታሰው ዙሪያውን ተመለከተ። የጎደለ ሰው የለም፤ ዘሩ እስከ መጨረሻው ጆንያ ማረፊያው ውስጥ ተከምሯል።

"ተረፍን እኮ!" ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንዶቹ ጭቃ እንደለበሱ ተቃቀፉ። አባ ደጅይጥኑ ብቻ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ሠርካለም ከአጠገባቸው ተቀመጠች፤ ዝናቡ እስኪያባራም አልተነሳችም። ማዕበሉ ሲበርድ ዘሩ ተሻገረና ጊዜው ሳያልፍ ተዘራ።

መስቀል እንዳለፈ ውሃው ሸሸና ፍራሹ ላይ ወጡ። ድንጋይ ለቀማው ሲጀመር የመጡት የቀን ሠራተኞቹ ብቻ አልነበሩም። ቤታቸው ሐይቁ ውስጥ የቀረ ሰዎች ከኒሯቅ ከተማም፣ ከየቀበሌውም አህያ እየነዱ መጡ። "ይኼ የአባቴ ነው"፣ "ያኛው የኛ ደጃፍ ነው" እያሉ ድንጋዩን ከጭቃ አወጡ፣ አጠቡ፣ ዐለቱ ላይ አጋዙ። ሠርካለም ዐለቱን አስፈልፍላ መሠረቱን በኮንክሪት አስሞላች። የምድጃውን ድንጋይ አባ ደጅይጥኑ ራሳቸው ይዘው መጡ።

"የት ላድርገው?" አሏት።

"እርስዎ በወደዱበት።"

ከበሩ በስተግራ፣ ከሥር አስቀመጡትና በመዳፋቸው ተጫኑት። ግድግዳው ከዚያ ጀምሮ አደገ። በጭቃ ፋንታ ሲሚንቶ፣ ከአናቱ ደግሞ ዙሪያውን የሚያስር ባለ ብረት የኮንክሪት መቀነት ገባለት። ሠርካለም በየረድፉ ታየዋለች፤ ያልጣማትንም፣ የራሷ እጅ ሥራ ቢሆንም እንኳ፣ አስነቅላ ታሠራዋለች። ሠራተኞቹ አንዳንዴ ያጉረመርሙ ነበር። ማታ ግን ግድግዳውን ከሩቅ ሲያዩት ደረታቸው ይነፋል።

ኅዳር ላይ የጣሪያው ብረት ሰቆጣ ተበይዶ በጭነት መኪና ተላከ። መኪናው ኒሯቅን አልፎ ቆመ። ክረምቱ ወደ ወደቡ የሚወስደውን መንገድ አንድ ወንዝ ላይ ቆርጦት ኖሮ፣ ሰው በእግሩ እንጂ ያ ሁሉ ብረት አያልፍበትም። መንገዱ የሚጠገነው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ሠርካለም ጣሪያ የሌለውን መጋዘን አየችና አንገቷን ደፋች።

"እንዴት ነው፣ ወደብ ላይ ተቀምጠሽ ስለ መኪና መንገድ የምታስቢው?" አላት ጌታሰው።

ቀና አለች፤ ጌታሰው ቀጠለ።

"ከኒሯቅ ወዲያ ሐይቁ ድረስ የሚያወርድ ሌላ ቁልቁለት አለ። መኪናው እዚያ ያራግፍ። እኔ በውሃ አመጣዋለሁ።"

"ጀልባህ ይህን ብረት ትችላለች?"

"አንዷ አትችልም። ሁለት ጎን ለጎን ብናስርስ?"

ከቁልቁለቱ ሥር ቀኑን ሙሉ ሠሩ። ሁለት ጀልባዎች ጎን ለጎን አቁመው፣ ባሕር ዛፍ አጋድመው በገመድ አሰሯቸው። ብረቱን በሰው ትከሻ አውርደው ላዩ ላይ አጋደሙት። ንጋት ላይ፣ ንፋሱ ሳይነሳ፣ ተንቀሳቀሱ። ሠርካለም ዋና አታውቅም፤ ሕይወት ማዳኛ ሰደርያ ለብሳ ከብረቱ አጠገብ ተቀመጠች።

ግማሽ ላይ ሲደርሱ ንፋሱ ያለ ሰዓቱ መጣ። ሁለቱ ጀልባዎች የተለያየ ማዕበል ላይ ወጡና ባሕር ዛፉ ጮኸ። ከላይ ያለው ብረት ወደ ጎን ተንሸራተተ። ሠርካለም ብረቱ የታሰረበትን ገመድ ጨብጣ በእግሯ እንጨቱን ተደግፋ ሳበች፤ አብሯት የነበረው አሳ አስጋሪም አገዛት።

"ፊቷን ወደ ንፋሱ አዙራት!" አለች።

"እያዞርኳት ነው! አትልቀቂው ብቻ!"

ጌታሰው ሞተሩን ቀነሰ፤ የጀልባዎቹን አፍንጫ ቀስ ብሎ ወደ ማዕበሉ አዞረ። ብረቱ ቆመ። መዳፏ ተልጦ ነበር፤ ያኔ ግን አልተሰማትም። ንፋሱ እስኪያልፍ እዚያው ቦታቸው ላይ ታገሉ፤ ከዚያ ወደፊት ቀጠሉ።

ከመታጠፊያው ብቅ ሲሉ ወደቡ ላይ ሰው እንደ ጥምቀት ግጥም ብሎ አዩ። እልልታው ከሞተሩ ድምፅ በላይ ሆነ። ጀልባዎቹ ገና ሳይታሰሩ ሰዎች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ብረቱን በትከሻቸው ተቀበሉ። ከዚያው ሳያሳርፉ፣ እየዘፈኑ፣ ሽቅብ እስከ ዐለቱ አወጡት። ሠርካለም ከኋላቸው ስትወጣ ሳቋ ሊቆምላት አልቻለም።

ጣሪያው ተገጠመ። አሳ ማቆያው፣ የእህሉ ክፍል፣ ሰፊው በር፣ ሁሉም አለቀ። መጋዘኑ ሥራ በጀመረበት ቀን ከሰሃላ ማርና ፍየል የጫነች ጀልባ ቀድማ ደረሰች። አባ ደጅይጥኑ አዲሱን ነጠላቸውን አጣፍተው በሩን ከፈቱና ነጋዴዎቹን "ቤቴ ግቡ!" አሏቸው።

ከጀልባዋ የወረዱ የማዶ ሽማግሌዎች ዙሪያውን ዞሩ፤ ግድግዳውን በቡጢ መቱት፤ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ሠርካለም መጡ።

"እኛም ወዲያ ማዶ እያዘመመ ያለ ቤት አለን" አሉ። "መጥተሽ ታይልናለሽ?"

"መቼ?"

"ጀልባዋ እንደተራገፈች።"

ሠርካለም ሳቀችና ቦርሳዋን ልታመጣ ሄደች። ስትመለስ ጌታሰው ሞተሩን አስነስቷል። አባ ደጅይጥኑ ደግሞ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ጀልባዋ ውስጥ ቁጭ ብለዋል።

"እርስዎ ደግሞ ወዴት ነው አባ? መጋዘኑስ?"

"ጠባቂ አቁሜበታለሁ" አሉ። "ነይ ተሳፈሪ፣ ንፋሱ ሳይነሳብን። እዚያ ማዶ ስንት ጥሩ ድንጋይ እንዳለ አላየሽም።"