መቀስ የሌለበት ስፌት ቤት

መቀስ የሌለበት ልብስ ስፌት ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ማየት ብቻ ሳይሆን ደመወዝ እየተከፈለኝ ሠርቼበታለሁ። ለዚያውም በቆራጭነት!

ነገሩ የሆነው ከሆስፒታል በወጣሁ በሳምንቱ ነው። የአእምሮ ሆስፒታል ነው የምላችሁ፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ እንዳታነቡት፣ እኔም ዝቅ አድርጌ አልተናገርኩትም። ባሌ በመኪና አደጋ ሲሞት አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። እሱ እዚያው ቀረ፣ እኔ ግንባሬን ትንሽ ተጭሬ ተነሳሁ። ሰው ሁሉ "ተመስገን፣ አንቺ እንኳን ተረፍሽ" አለኝ። እኔም የተረፍኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ግን መንገድ ላይ ክላክስ በተነፋ ቁጥር እየሮጥኩ የመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር መግባት ጀመርኩ። ስፌት ቤታችን ያለው ደግሞ ታክሲ ተራ ፊት ለፊት ነው፤ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ የት እንደምውል ገምቱት። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ እህል እምቢ አለኝ። በመጨረሻ መኖሩም አንገሸገሸኝና መሞት ፈለግኩ።

እጄን ይዛ ወደ ሆስፒታል የወሰደችኝ እቴቴ ናት። እቴቴ የባሌ ታላቅ እህት ናት፤ ስፌት ቤቱም የሷ ነው። እናታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞተች ባሌን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እሱ ሲቀበር ስታለቅስ ያያት ሰው የለም፤ እኔን ደግፋ ይዛ ነበርና በየት በኩል ታልቅስ! በሦስተኛው ቀን ማሽኗ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። "እሷ ብረት ናት" ተባለ፣ እኔም አብሬ ብረት ናት አልኩ።

ሆስፒታሉን እንደ እስር ቤት ፈርቼው ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ የሳቅኩበት ቤት የለም። እዚያ አንዷ "አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?" ትላለች፣ ሌላዋ የሆነችውን ትናገራለች፣ አለቀ። ከአልጋዬ አጠገብ የተኛችው ሴትዮ፣ ጠያቂዎች በር ላይ ፈዘው ቆመው ስታይ "ግቡ እንጂ፣ አንናከስም! የሚናከሱት ምሳ ላይ ናቸው" ትላቸው ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ሁላችንም እናለቅስ ነበር። ሁለቱንም አልከለከሉንም።

ታዲያ ወደ ሥራ ተመለስኩላችሁ። ስገባ ዘምዛሚዋ ከማሽኗ ተነስታ አገላብጣ ሳመችኝ። የጨርቅ ጠርዝ መዘምዘም ሥራዋ ስለሆነ ነው እንደዚያ የምንላት። ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ። ጠመኔዬ አለ፣ ሜትሬ አለ፣ መቀሴ የለም። የማንም መቀስ የለም።

"እቴቴ፣ መቀሶቹ የት ሄዱ?"

"ሊሳሉ ሄደዋል።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ያቺ የክር መቁረጫዋስ?"

"እሷም ደንዛ ነበር" አለች ከማሽኗ ቀና ሳትል።

ቀና ባትልም ገባኝ። የሚያስቅ ነገር ነበር፤ ግን አልሳቅኩም፣ ውስጤ ነው የተቃጠለው። ዘምዛሚዋ እንደ አይጥ ክር በጥርሷ እየበጠሰች ትሠራለች። እቴቴ የተቆረጠ ጨርቅ ከሌላ ቦታ ጠዋት ጠዋት በፌስታል አንጠልጥላ ትመጣለች። ለኔ የተሰጠኝ ሥራ ምን መሰላችሁ? ቁልፍ በቀለም በቀለሙ መለየት። ነጩን ከነጭ፣ ጥቁሩን ከጥቁር! ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘልኝ እንጂ ወደ መዋዕለ ሕፃናት አልመለሰኝም። ካውያ ላነሳ ስል "ተይው፣ ያቃጥልሻል" ትለኛለች። መፀዳጃ ቤት ከቆየሁ በር ይንኳኳል። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደ ድሮዬ ሰው እንዲያምነኝ። እሱን ካጣሁ ደግሞ መዳኔ ምኑ ላይ ነው?

ለደንበኛው ሁሉ ደግሞ "ጨጓራዋን ታማ ነው" ተብሎ ተነግሯል። የጨጓራ ምክር ያልሰጠኝ ሰው የለም። አንድ ቀን አንዲት መምህርት ያሰፋችውን ቀሚስ ልትወስድ መጣችና፣

"ጨጓራሽ እንዴት ሆነልሽ እህቴ? ቅባት የበዛበት ነገር ተዪ" አለችኝ።

በቃኝ። "ጨጓራዬማ ድንጋይ ብትሰጪው ይፈጫል" አልኳት። "እኔ የታመምኩት አእምሮዬን ነው። ባሌ ከሞተ በኋላ አብጄ ነበር፣ በአጭሩ።"

እቴቴ ማሽኗን አቆመች።

"እ... አሁንስ?" አለች መምህርቷ።

"አሁን መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ ሐኪሜ ጋ ሄጄ አወራለሁ፣ ደህና ነኝ። ቀሚስሽን ግን እኔ አልቆረጥኩትም፤ አንዱ ጎን ካጠረብሽ በእብዷ እንዳታሳብቢ።"

ለቀልድ ነበር ያልኩት። መምህርቷ ቀሚሱን ወገቧ ላይ አድርጋ መስታወት ፊት ስትቆም ግን በግራ በኩል እውነትም አራት ጣት አጥሮ ቁጭ! ዘምዛሚዋ ክር ነክሳ ስለነበር ሳቋ በአፍንጫዋ ወጣ። መምህርቷም ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ "የኔም እናት እንደዚያ ነበረች፤ እኛ ግን ደም ብዛት ነው እያልን ነው የቀበርናት" አለች። ቀሚሱን እንድናስተካክለው ትታልን ሄደች።

እቴቴ ብቻ አልሳቀችም። በሩ እንደተዘጋ፣

"ለምንድነው የምታዋርጂኝ?" አለችኝ።

"ማን አዋረደሽ? ስለራሴ ነው የተናገርኩት! አሁን መቀሴን ስጪኝ።"

"አልሰጥሽም።"

"ሊሳል ሄዷል አላልሽም እንዴ?"

ማሽኗን መልሳ ልታስነሳ እጇን ዘረጋች።

"እቴቴ፣ ታምኚኛለሽ ወይስ አታምኚኝም? ቁርጡን ንገሪኝ። ካላመንሽኝ ከነገ ጀምሮ እዚህ ቤት አልረግጥም፤ ቆራጭ የሚፈልግ ስፌት ቤት ሞልቷል።"

"ያንቺ ጉዳይ አይደለም" አለች በቀስታ፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። የኔ ጉዳይ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው ብዬ ደሜ ፈላ፤ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ዘምዛሚዋ ተከትላኝ ወጣችና ክንዴን ያዘችኝ። "እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪ፤ ጠዋት ጠዋት የምትቆርጠው ማዶ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ነው። መቀሶቹም እዚያው ናቸው።"

ፀጉር አስተካካዩ ጋሼ የምንላቸው መላጣ ሽማግሌ ናቸው። ስገባ የአንድ ሰውዬ ጉንጭ ላይ አረፋ ቀብተው እየላጩ ነበር። ሰላምታ እንኳ አላቀረብኩም።

"ጋሼ፣ መቀሶቼን ይስጡኝ። 'ለሷ እንዳይሰጡ' እንደተባሉ አውቃለሁ።"

"ለማን?"

"ለኔ ነዋ!"

ጋሼ ምላጩን ከሰውየው ጉንጭ ላይ አነሱ። ትንሽ አዩኝና ወደ በሩ ወሰዱኝ።

"ልጄ፣ ስላንቺ አንድም ቃል አልተናገረችኝ" አሉ። "'ጠዋት ሰው ባለበት መጥቼ እቆርጣለሁ፤ ማታ ሊዘጉ ሲሉ ብቻዬን መጥቼ መቀሱን ይስጡኝ ካልኩ ግን እንዳይሰጡኝ' ነው ያለችኝ። አንድ ማታ መጣች። ለምናኝ ነበር፤ አልሰጠኋትም፣ ቤቷ ድረስ ሸኘኋት። ለማን እንደምናገር ጨንቆኝ ነው የሰነበትኩት። እንኳን መጣሽ።"

የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ። ያን ሁሉ ቀን ስሳደብ፣ ሳኮርፍ፣ ቁልፍ ስወረውር፣ እሷ እዚያው ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ተቀምጣ ከራሷ ስትሸሽ ነበር። መንገዱን ስሻገር ክላክስ ተነፋብኝ፤ ደነገጥኩ፣ ግን አልቆምኩም።

እቴቴ ብቻዋን ነበረች። የመምህርቷን ቀሚስ ጭኗ ላይ አድርጋ ያጠረውን ጠርዝ በእጇ ትዳብሳለች፣ አትሰፋም። አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሆስፒታል ሳለሁ ሐኪሙ ፊት ለፊት የጠየቀኝን ጥያቄ፣ ዘመድ ግን አንድም ቀን ያልጠየቀኝን፣ ጠየቅኳት።

"እቴቴ፣ መሞት ትፈልጊያለሽ?"

አልተቆጣችም።

"መተኛት ነው የምፈልገው" አለች። "አንዳንዴ ልዩነቱ ይጠፋኛል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እሱ ካለፈ ጀምሮ። አንቺ ጠረጴዛ ሥር ስትገቢ እቀናብሽ ነበር። እኔም ልገባ እፈልጋለሁ፤ ግን ሁለታችንም ከገባን ደንበኛውን ማን ያስተናግዳል?"

ሳቅኩ፤ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። እሷም ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ለቅሶ ወጣት። ደረቷን ይዛ፣ ስሙን እየጠራች፣ "አዝዬ ያሳደግኩት ልጄ፣ አዝዬ ያሳደግኩት" እያለች አለቀሰች። ባሌ የሞተው ለኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ይዤያት አብሬ አለቀስኩ።

"በቤቱ ያለው እብድ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ስኩራራ" አልኳት ሲወጣላት፣ "ለካ ተፎካካሪ አለኝ።"

"ዝም በይ አንቺ ባለጌ" አለችኝ አፍንጫዋን እየጠረገች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺ ገና ከመውጣትሽ? ሸክሜን ልጫንብሽ እንዴ? እንዳትሰበሪብኝ ፈርቼ።"

"ተሰብሬ አይቼዋለሁ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። ዛሬ እኛ ቤት ታድሪያለሽ። ነገ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን።"

"ሰው ቢያየኝስ? ምን እላለሁ?"

"ጨጓራዬን ነው በያ" አልኳት። በክርኗ ጎሰመችኝ።

ያን ሌሊት አብረን ተኛን፤ ማለቴ እሷ ተኛች፣ እኔ እስትንፋሷን ሳዳምጥ አደርኩ። ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ እንኳ ተነስቼ ተከተልኳት። "መፀዳጃ ቤትም ልትገቢ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። መፀዳጃ ቤት ስትቆይ፣ እሷ በኔ ላይ እንዳደረገችው፣ በሩን አንኳኩቼባት እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው፤ አፈርኩ፣ ግን አልተውኩም።

ጠዋት ሆስፒታል ሄድን። እቴቴ እጄን ይዛ ተቀመጠች። ተራችን ሲደርስ ነርሷ በሩን ከፍታ ብቅ አለች። መልኬን ታውቀዋለች፤ ፈገግ ብላ በሩን ለኔ ያዘችልኝ።

"ነይ ግቢ፤ አስታማሚዋ እዚህ ትጠብቅ" አለች።

ልናገር አፌን ስከፍት እቴቴ ቀደመችኝ። ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣

"ታማሚዋ እኔ ነኝ" አለች። "እሷ አስታማሚዬ ናት።"

ቦርሳዋን ሰጠችኝና ገባች። ቦርሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ እስክትወጣ ጠበቅኳት።