የዳኛው ጭን

ጡረታ የወጡት ዳኛ ከሰገራቸው ጋር ደም ሲያዩ ምስክር መስማት እንኳ አላስፈለጋቸውም። «ኪንታሮት ነው» አሉ፤ ጉዳዩ ተዘጋ። ሚስታቸው «እስቲ ሐኪም ይይህ» ስትላቸው «በዚህ ዕድሜዬ ሱሪዬን አውልቄ ማንም ፊት አልቆምም!» ብለው አፏን አስያዟት። እየከሱ ሲሄዱም ቀበቷቸውን አጥብቀው፣ ስፖርት የጀመሩ ይመስል፣ ሸንቀጥ ማለታቸውን ለጎረቤት ያወሩ ነበር። ጎረቤትም ያደንቃቸዋል።

አንድ ቀን ግራ ጭናቸውን ያማቸው ጀመር። «ብርድ ነው» ብለው ቅባት አሹበት። በማግስቱ ጭናቸው አብጦ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል፤ ቆዳው ጠቋቁሯል። እሳቸው በትኩሳት እየቃዡ ግድግዳውን «ሥርዓት!» እያሉ ይቆጣሉ። ሚስትየው ሳታስፈቅዳቸው ታክሲ ጠርታ ሆስፒታል አደረሰቻቸው።

ቀዶ ሐኪሟ ወጣት ነበረች። ዳኛው ትንሽ ነቃ ብለው ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ወንድ ሐኪም የለም?»

«አለ። እሱም ሲጨንቀው እኔን ነው የሚጠራው።»

ብርድ ልብሱን ገልጣ ጭናቸውን ጫን ስታደርገው ከቆዳው ሥር ተንኮሻኮሸ። ፊቷ ተለወጠ። «አባቴ፣ ሥጋው እየሞተ ነው። አሁኑኑ ቆርጠን ካላወጣነው እርስዎንም ይዞ ይሄዳል።»

«እስቲ ላስብበት...»

«አንተ ሰውዬ!» ጮኸች ሚስትየው። «ስታስብ አይደል እንዴ እዚህ የደረስከው? እሺ በላት!»

እሺ አሉ። ቀዶ ሕክምና ክፍል ደጋግመው ገቡ። ከብሽሽታቸው እስከ ጉልበታቸው የሞተው ሁሉ ተቆርጦ ወጣ፤ ሆዳቸው ላይም የሰገራ ከረጢት ተለጠፈ።

ሲነቁ ሐኪሟ አጠገባቸው ተቀምጣ በቀስታ አስረዳቻቸው፦ ትልቁ አንጀት ላይ የበቀለ ካንሰር ግድግዳውን በስቶታል፤ በቀዳዳው የወጣው ቆሻሻ በጀርባ በኩል ወደ ጭን ወርዶ ነው ሥጋውን የበከለው።

ዳኛው ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

«ታዲያ ኪንታሮት የለብኝም ማለት ነው?»

«እሱም አለብዎት።»

«አላልኩሽም?» ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ፣ ክርክር እንደ ረታ ሰው። ሚስትየው መሳቅ ጀምራ ሳቁ ለቅሶ ሆነባት። ሐኪሟ ተነስታ ወንበሩን ለቀቀችላት።

ቤት ከተመለሱም በኋላ ዳኛው ከረጢቱን አያዩትም። ሚስታቸው ስትቀይርላቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው «ቀስ በይ እንጂ» ይላሉ። እሷም «ዝም ብለህ ተኛ» ትላቸዋለች፤ ይተኛሉ።

የካንሰሩ መድኃኒት በሚጀመርበት ጠዋት ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም።

«አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

ሰምታቸዋለች። ግን ደግመው እስኪጠይቋት ድረስ ጫማዋን ስታስር ቆየች።