ሙሉቀን ስንት ጎል አገባ

ልጄ መሞቱን የሸዋ ሮቢት ሰው ሁሉ ከእኔ ቀድሞ አወቀ። ከሁሉም ቀድመው ያወቁት ደግሞ የቤቲንግ ቤት ልጆች ናቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። እኔ አምጬ ለወለድኩት ልጅ እነዚያ ቁማርተኞች ቀድመውኝ አለቀሱለት።

ብዙነሽ እባላለሁ። ገበያው ውስጥ ሽንኩርት እቸረችራለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ነገር ግን በሚዛን አጭበርብሮኝ የሄደ ነጋዴ እስካሁን አልተወለደም። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል። ይበሉ። ባሌ ሲሞት ሁለት ልጅ ታቅፌ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ በለዘበ ምላስ እንዴት እንደሚያድጉ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ትልቋ ዮርዳኖስ ናት፤ አግብታ ደሴ ትኖራለች። ሙሉቀን የመጨረሻዬ ነው። ቀወት ገጠር ሳለን ማሽላው ሲያሽት ወፍ የሚጠብቀው እሱ ነበር። ሌላው ልጅ በወንጭፍ ሲያጮኽ እሱ ድንጋዩን በባዶ እጁ ይልከዋል፤ ደግሞም ከወንጭፉ ይርቅለታል። ከተማ ስንገባ የስፖርት አስተማሪው ይህን ክንድ አየና እጅ ኳስ አስጀመረው።

«ኳስ በእጅ? እግር አልሰጠህም እንዴ እግዜር?» ብዬ ስቄበት ነበር።

ኋላ ደቡብ ያለ አንድ ክለብ ወሰደው። ሀገር አቀፍ በሚሉት ሊግ ውስጥ ገባ። ያኔ መሳቄን ተውኩ።

የቤቲንግ ቤቱ ከገበያው ዳር ነው። የሮቢትን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ማራገቢያ ያለበት ቤት ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም፤ ጎረምሳው ሁሉ እዚያ ይከተታል፣ ወለሉ የተጣለ ቲኬት ብቻ ነው። አንድ ቀን አፌን ከፍቼ ልሰድባቸው ገባሁ። ታከለ የሚባል ባጃጅ ነጂ ከወንበሩ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ቴሌቪዥን አሳየኝ።

«እትዬ፣ ይቺ ጽሑፍ ልጅዎ ናት። ሙሉቀን ይላል። ከጎል አግቢዎች ሦስተኛ ነው።»

ስድቤን ዋጥኩት። የልጄን ስም በብርሃን ተጽፎ ማየት ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ታከለ ልጄን እንደ ዳዊት ሸምድዶታል። በሜዳው ሲጫወት ስንት እንደሚያገባ፣ ሰው አገር ሄዶ ስንት፣ ሰባት ሜትር የሚሉትን ፍጹም ቅጣት ምት ስንቴ እንደሚስት፣ ሁሉን ያውቃል። ሙሉቀን ካሰበው በታች ካገባ ቲኬቱ ይከስራል፤ እነሱ «ተቃጠለ» ነው የሚሉት። ያን ቀን ባጃጁን በሽንኩርቴ አጠገብ አቁሞ ለገበያው ሁሉ ያውጃል።

«እትዬ ብዙነሽ! ልጅዎ ዛሬም አቃጠለኝ!»

«ምን አደረገህ ደግሞ?»

«ስድስት ያገባል ብዬ አስይዤ አምስት ላይ ቆመ! በረኛውን አቅፎ ሊስመው ነው እንዴ የሄደው?»

«አንተ እጅህን መሪህ ላይ አድርግ! እሱ ላቡን ያፈስሳል፣ አንተ በማራገቢያ ሥር ተጎልተህ የሰው ላብ ትቆጥራለህ!»

ገበያው ያውካካል። እኔም በሆዴ ደስ ይለኛል። የራሳቸው ባያደርጉት አይሰድቡትም ነበር።

ከጎኔ ቲማቲም የምትሸጠው ሙሚናም አለች። ከእሷ ጋር ያልተጣላንበት ቀን ካለ ወይ እሷ ታማለች ወይ እኔ ታምሜያለሁ። ሸራዋ ጥላዬን ይወስዳል፣ ቅርጫቴ መንገዷን ይዘጋል። «ሽንኩርትሽ እንዳንቺ ነው፣ ያላለቀሰበት ሰው የለም» ትለኛለች። «ቲማቲምሽም እንዳንቺ ነው፣ ላዩ ቀልቶ ውስጡ የሸተተ» እላታለሁ። ከዚያ ምሳችንን ጎን ለጎን እንበላለን፤ በጾም ቀን ሥጋዋን ከእኔ ዞር አድርጋ።

እንዲህ ስንኖር የካቲት ገባ። ፀጥታው ደፍርሶ መንገዱ ተዘጋ። ወደ ደሴ የወጣው መኪና ካራቆሬ ሳይደርስ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ከጀውሃ አያልፍም። ወደ አዲስ አበባም ያው ነው። ሙሉቀን ሁልጊዜ ቅዳሜ ይደውልልኝ ነበር። ያን ቅዳሜ አልደወለም። እሑድ ጠዋት ወንድሜ ታደሰ መጣ።

«እታለም፣ ሙሉቀንን እንዳትጠብቂ። ቡድኑ ካምፕ ገብቷል። አሠልጣኙ ስልካቸውን ሰብስቦባቸዋል አሉ።»

ይህን ሲናገር ጫማውን ያያል። ጫማው ቆሽሾበት መስሎኝ «ጥረገው እንግዲህ፣ ምን ታፈጠዋለህ!» አልኩት።

በነጋታው ታከለ ባጃጁን አቆመ።

«እትዬ፣ ልጅዎ ዘጠኝ አገባ» አለኝ።

«ዘጠኝ! ታዲያ በልተሃላ ዛሬስ?»

«አዎ። ጎበዝ ነው። ከሱ የሚደርስ የለም» አለና ሄደ። አልቀለደም። መልሴንም አልጠበቀም። በሚቀጥለው ሳምንት አሥር አገባ አለኝ። እኔም ለገበያው ሁሉ ነዛሁት። «ልጄ አሥር አገባ! ሰምታችኋል?» አልኩ። «እሰይ» አሉኝ፣ አንገታቸውን ደፍተው። ዛሬ ሳስበው ያን ሁሉ ሰው እሰይ ያሰኘሁት ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ ነው።

ቀስ በቀስ ነገሩ ሁሉ ጣዕም አጣብኝ። ሰው በዋጋ የማይከራከረኝ ሆነ። የጠራሁትን ከፍሎ ይሄዳል። የነፍስ አባቴ መንገድ ላይ አግኝተውኝ መስቀላቸውን ሲያሳልሙኝ ከግንባሬ ላይ ቶሎ አላነሡትም። ሙሚና ሸራዋን ወደ እኔ ሳበችው፤ ጥላውን ለእኔ ትታ እሷ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ምንም። ለኔ ፀሐዩ ይሻለኛል።»

«በሮቢት ፀሐይ? አብደሻል?»

ዝም። ይህች ሴት ዝም ብላኝ አታውቅም።

 እስቲ ልያት ብዬ፣ ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ክፉ ነገር ሰደብኳት። ምን እንዳልኳት አልደግመውም፤ በሌላ ቀን ቢሆን ቅርጫቴን በራሴ ላይ ትደፋው ነበር። ሙሚና ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች።

«ሙሚና፣ ማን ሞተብኝ?»

«ወላሂ፣ ብዙዬ፣ እኔን አትጠይቂኝ» አለች። ብዙዬ ብላኝም አታውቅም።

መጀመሪያ ዮርዳኖስ ናት ብዬ ነበር። እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገብቷል፤ ደግሞ በዚያ በተዘጋ መንገድ እኔ ዘንድ ለመምጣት ተነሥታ ቢሆንስ? ግን ዮርዳኖስ በዋዜማው ደውላልኝ ሐኪሙን ስታማልኝ ነበር። ስለዚህ ሌላው ነው። እኔ ያለኝ ሁለት ነው።

ተነሥቼ ወደ ቤቲንግ ቤቱ ሄድኩ። ስገባ ጫጫታው ቆመ። አንዱ ልጅ ተስፈንጥሮ ቴሌቪዥኑን ወደ ፈረንጅ እግር ኳስ ቀየረው።

«መልሰው» አልኩት። መለሰው።

«ታከለ፣ ተነሥ። ልጄ አሥር አገባ ያልከኝን አሳየኝ።»

«እትዬ፣ ይቀመጡ።»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም! ማንበብ ባልችልም ስሙ የሚቀመጥበትን ቦታ ዓይኔ ያውቀዋል። ሦስተኛ አልነበረም? አሥርና ዘጠኝ የሚያገባ ልጅ ለምን ወደ ታች ወረደ?»

ስሙ ከሥር ነበር። ሌሎቹ እያገቡ በላዩ አልፈውት ሄደዋል። ታከለ ቲኬቱን በእጁ ጨምድዶ ቆመ።

«ሞቷል?» አልኩት።

«እትዬ ብዙነሽ፣ እኔ መርዶ ነጋሪ አይደለሁም» አለኝ።

ነገረኝ ማለት ነው።

አልጮህኩም። ልጄን ቁማር ቤት ውስጥ አላለቅስለትም። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ። ገበያውን አቋርጬ ስሄድ ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ቆሞ አየኝ፤ ሙሚና ብቻ ቲማቲሟን ለአላፊ አግዳሚ ትታ ከኋላዬ ተከተለችኝ። ታደሰ ቤት ደረስኩ። ሲያየኝ ገባው።

«እንዴት ሞተ?»

«ልምምድ ላይ ነው እታለም። ሮጦ ሲመለስ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ...»

«የት ቀበራችሁት?»

«እዚያው። መንገዱ ዝግ ነው፣ ሬሳ ይዞ የሚገባ መኪና አጣን። ክለቡ ለእኔ የደወለው እሑድ ነው። የቤቲንግ ልጆች ቀድመው ጨዋታው ቀርቷል የሚል፣ የሱም ፎቶ ያለበት ማስታወቂያ አይተው ነበር። ታከለ ሮጦ እዚህ መጣ። ‹ያስያዝኩትን ብር መለሱልኝ፣ እኔ አልነካውም› እያለ መሬት ላይ ይንከባለል ነበር።»

«አፈር ማን አለበሰው?»

«ጓደኞቹ።»

«እናቱስ?»

 ከዚያ የያዘውን ሁሉ አወጣው። እኔ ከጮህኩ ዮርዳኖስ በዚያው ቀን ትሰማለች። ባሏ መስፍን ያውቃል፤ እስክትወልድ ታገሡኝ ብሎ እነታደሰን በስልክ ለምኗቸዋል። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ደሴ ላይ ከባሏ በቀር ዘመድ የላትም። ከወለደችና መንገዱ ከተከፈተ በኋላ እሷን ከአጠገቤ አስቀምጠው ለሁለታችን ሊያረዱን ነው የተስማሙት።

«ከተማውን ሁሉ ውሸታም አደረግኸው» አልኩት።

«አዎ» አለ ታደሰ፣ አሁንም ጫማውን እያየ።

ልመታው እጄን አነሣሁ። እጄ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ሙሚና ይዛ አወረደችልኝ። በሩን ዘጉልኝ፤ አፌን በነጠላዬ አፍኜ የታደሰን ትራስ ነክሼ አለቀስኩ፣ ድምፄ ከበሩ እንዳይወጣ። ልጁ ሞቶበት ቀስ ብሎ ያለቀሰ ሰው ካለ ያውቀዋል። ደረት ሳይመታ፣ ስሙ ሳይጠራ፣ ጎረቤት ሳይሰማ የሚለቀስ ለቅሶ የሆድ ውስጥ እሳት ነው።

በማግስቱ ሽንኩርቴን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ጥቁር አልለበስኩም። ሰው መጣ፣ ሄደ፤ እኔ እንደማውቅ አወቁ፣ ያወቁትንም ዋጡት። አሁን እኔም ከውሸታሞቹ ተቆጠርኩ።

እሑድ ደረሰ። ዮርዳኖስ ከጨዋታ በኋላ ደውላ ወንድሟ ስንት እንዳገባ መጠየቋ አይቀርም። ታከለን አስጠራሁት።

«ዛሬ ስንት እንበላት?»

ልጁ ደነገጠ። ከዚያ እንደ ሥራው አሰበ። «ስድስት ይበሏት። በሜዳው የሚያገባው እንደዚያ ነው። ታምናለች።»

«አንተ ዘጠኝ፣ አሥር እያልክ ነው ያስነቃኸኝ። ልጄን እኔ አልወለድኩትም? መልካም ብቻ የሚወራለት ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም?»

«እና ስንት ይሁን?»

«ያንሳ። ይሳት። እህቱ የምትቆጣበት ይሁን።»

ታከለ መሬት መሬት እያየ «ሁለት» አለ። «ሁለትም አግብቶ ያውቃል። ዝናብ የነበረ ቀን።»

ስልኩ ጮኸ። ሙሚና ተጠጋችኝ።

«እማዬ! ይሄ ልጅ ስልኩን አልከፈተም አሁንም?»

«ካምፕ ነው። አሠልጣኙ ክፉ ነው።»

«ስንት አገባ ታዲያ?»

«ሁለት።»

«ሁለት ብቻ? ሙሉቀን?»

«ሰባት ሜትርም ስቷል። ታከለ አቃጠለኝ ብሎ ይኸው ከፊቴ ቆሞ ይነፋረቃል።» እውነትም ይነፋረቅ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ባጃጁ ላይ ተደፍቶ።

ዮርዳኖስ ሳቀች። ከሆዷ ነው የሳቀችው፤ ልጁም በሆዷ አብሮ ሲናጥ የሰማሁ መሰለኝ። «ሰነፍ! እዚያ ሄዶ ሆዱን ነው የሚሞላው! እማዬ፣ ስልክ ሲያገኝ መጀመሪያ ለኔ ይደውል በይው፣ ያዘጋጀሁለት ስድብ አለ። አንቺስ ሰደብሽልኝ?»

«እሰድበዋለሁ።»

«አሁን ስደቢው፣ እኔ ልስማ። አንቺ ስትሰድቢው ናፍቆኛል።»

 ያ ለሰው ሁሉ የሚተርፍ ስድቤ፣ ባሌን የቀበርኩበት፣ ልጆቼን ያሳደግኩበት ምላሴ፣ ያኔ አፌ ውስጥ እንደ ጭቃ ተላቁጦ ተኛ።

«ሰነፍ» አልኩ።

«ይኼው ነው? ያ ሁሉ ስድብሽ የት ገባ?»

ደግሜ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ሙሚና ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ዮርዲ፣ እኔ ነኝ፣ ሙሚና» አለቻት። «እናትሽን ዛሬ ጉሮሮዋን ይዟታል። ቆይ፣ እኔ ልስደብልሽ» አለችና ፊቷን ከእኔ አዙራ፣ ልጄን በሕይወት እንዳለ ሰው አንድ በአንድ ትሰድበው ጀመር።